የዘይነባ ጭቁኝ

ይድረስ ለሰይዴ፣ ለከዲጃ አባት፣ ለባላምባራስ ጌታ።

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ደባርቅ እንደምታውቃት ናት፤ ከጧት እስከ ማታ ጉም ለብሳለች፣ ጎረቤት ከጎረቤት የሚተዋወቀው በሳል ሆኗል። እኔና ልጅህ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ናፍቆትህ ግን አልቀለለልኝም። ይህን አስቀድሜ ልንገርህና ወደ ሌላው ወሬ ልለፍ፣ አለዚያ ወረቀቱ በእሱ ብቻ ያልቃል።

አሁን ደልደል ብለህ ተቀመጥና ስማ። ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ። አዎ፣ ዘሐራ። ሽንኩርት ከመላጥ በቀር ጣቷ ሌላ ሙያ የማያውቀው ዘሐራ። አንተ ግን ፊደል ሳትቆጥር ነው የሄድኸው፤ ስለዚህ እዚያ ካሉት ሼሆች አንዱን ለምነህ አስነብብ። ጀነት ውስጥ የተማረ ሰው መቸም አይጠፋም። ብቻ አፉን የሚጠብቅ ምረጥ፤ ወደ ታች የምጽፈው ነገር ከእኔ፣ ከአንተና ከባላምባራስ በቀር ማንም የማያውቀው ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ቀበሌው ወጣት ሽማግሌ ሳይል ሁሉም ሰው መሠረተ ትምህርት ይግባ ብሎ አዘዘ። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ጊዜ የለኝም ብል ማን ሰምቶኝ። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄና እኔ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ፊደል ቆጠርን። የሚያስተምረን ከጎንደር የመጣ ልጅ ነው፣ ጺሙ ገና ልውጣ አልውጣ እያለ ያመነታል። ለአንድ ድምፅ ያን ሁሉ ሀ ምን ያደርጋል ብዬ ስጨቀጭቀው፣ እማማ ዘሐራ፣ እኔ አልፈጠርኋቸውም ብሎ ይለምነኛል። በመጨረሻ ራቅ ላለ ዘመድ ደብዳቤ ጻፉ አለን። እትዬ ብርቄ ወታደር ለሆነው ልጃቸው ጻፉ። ሌላው ለሑመራ፣ ሌላው ለአሥመራ ጻፈ። እኔ ባስብ ባስብ ከአንተ የራቀ ሰው የለኝም። ልጁ የደብዳቤዬን መግቢያ አነበበና ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ። ከዚያም ይህን እቤትዎ ሆነው ይጨርሱት አለኝ። ይኸው ዝናብ በያዘ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየጻፍሁ ክረምቱን አጋመስሁት።

የቤቱን ልንገርህ። ያ ሁልጊዜ ነገ እደፍነዋለሁ የምትለው የጣሪያ ቀዳዳ ተደፈነ። ከሥሩ የምናስቀምጠው ባልዲ ሥራ ፈትቷል። ከዲጃ ግን የጠብታው ድምፅ ለምዶባት እንቅልፍ እምቢ አለኝ ብላ ስታማርር ሰነበተች። ቁመቷ ያንተ ነው፣ ምላሷ የኔ ነው ይላሉ፤ እኔ ምላሷም ያንተ ነው ባይ ነኝ። በምሥራቅ በኩል ያለው አጥር ወድቆ ነበር፣ አሳጠርሁት። ከመስጊድ የምትመለስበት ያ አቋራጭ ታርሷል፣ ድንች ተተክሎበታል።

ባላምባራስማ ወፍሯል። ጎረቤቱ ሁሉ ይቀልበዋል። ያስታወስህ እንደሆነ፣ አብዮቱ የፈነዳ ሰሞን የቀበሌው ጥበቃ ከበራችን ቆሞ፣ የፊውዳል ማዕረግ ቀርቷልና የአህያህን ስም ለውጥ አለህ። አንተም ራስህን አክከህ፣ እሺ ጌታዬ፣ ታዲያ ጓድ ልበለው አልኸው። ሰውየው አፉን ከፍቶ ቀረ። ግራ ቀኙን አየና፣ ተወው፣ በነበረው ይቆይ ብሎ ሄደ። እኔ ከበሩ ጀርባ አፌን በሻሼ አፍኜ እስቅ ነበር። ሊያስርህ ይችል እንደነበር ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው። ይኸው አገር ምድሩ ጓድ ጓድ ሲባባል በደባርቅ አንድ ባላምባራስ ቀርቷል፣ እሱም አህያ ነው።

ወደ ጭቁኙ ልምጣ። ይህን ሁሉ የማወራው ለእሱ ብዬ ነው።

የተጋባን ዓመት ነበር። የሰው ባል ከአዲ አርቃይ ገበያ ሲመለስ ሻሽ ይዞ ይመጣል፣ ሽቶ ይዞ ይመጣል፣ ያንተ እጅ ባዶ ነው። አንድ ቀን ከገበያ ከአቧራ በቀር ምን ታመጣልኛለህ አልሁህ። በሚቀጥለው ጉዞህ ግን ከአህያው ጭነት ላይ አንድ እቅፍ ጭቁኝ ፈትተህ ከፊቴ አስቀመጥህ።

ጭቁኝ ደባርቅ ጠፍቶ አይደለም። በየአጥሩ ሥር ይበቅላል። ግን የኛው ውሃ የጠገበ ነው፤ ቅጠሉ ይለሰልሳል፣ ሽታው ይሰንፋል። አንተ ያመጣኸው ሌላ ነበር። ቅጠሉ ደቃቅ፣ እንደ አመድ የነጣ፣ ግንዱ ከታች እንጨት የሆነ፤ በጣት ሲያሹት ምሬቱ ከአፍንጫ አልፎ ጉሮሮ የሚገባ። ከመኝታችን ሥር ብጎዘጉዘው የደባርቅ ቁንጫ አገር ለቆ ጠፋ። እህሉ ውስጥ ብጨምረው ነቀዝ ዝር አላለበትም። ጉንፋን ሲይዘኝ አሽቼ ባሸተትሁት ጊዜ ዓይኔ እንባ ሞልቶ አፍንጫዬ ተከፈተ። ከየት አመጣኸው ብልህ፣ ከአዲ አርቃይ ገዛሁልሽ አልህ።

እኔ ሞኟ፣ ሰፈሩን ሁሉ ዞሬ አወራሁት። ባሌ ከቆላ ድረስ ገዝቶ ጭቁኝ ያመጣልኛል ብዬ። እትዬ ብርቄ ሲለምኑኝ አንዲት ዘለላ፣ በዓል ከሆነ ሁለት ዘለላ እሰጣቸው ነበር። የቆላ ፀሐይ የመታው ስለሆነ ነው እንዲህ የሚሸተው እያልሁ ሴቶቹን አስተምራቸዋለሁ። እነሱም ወደው፣ ያንተን ጭቁኝ የአዲ አርቃይ ጭቁኝ ብለው ስም አወጡለት። አንተ ከጥግ ተቀምጠህ ይህን ስትሰማ ሳል ይይዝህ ነበር። ሳል እንዳልነበረ አሁን ገባኝ።

ከማን ነው የምትገዛው ብዬ የጠየቅሁህ ቀን ግን ነገር ተበላሸ። ጆሮህን አሸት አሸት አደረግህና፣ ዘይነባ ከምትባል ሴት አልህ። ምን ዓይነት ሴት ናት አልሁህ። ሚዛን የማታምን ሴት ናት፣ ዕቃውን በእጇ መዝና ጎደለ ትላለች አልህ። በሌላ ጉዞ ስጠይቅህ፣ ስትናደድ ሻሿን ወደ ኋላ ትገፋለች አልህ። በሌላው ደግሞ፣ የገዛ ወሬዋን ሳትጨርስ ራሷ ቀድማ ትስቃለች አልህ። ይህን ስትነግረኝ ፊትህ ይፈካ ነበር። ያ ፈገግታ ለዘይነባ መሰለኝ። አይቻት የማላውቃትን ሴት እንደዚያ ጠልቼ አላውቅም።

በዚያ ላይ መዘግየትህ ነበር። የጉዞ ጓደኛህ ጋሼ ሁሴንና ሌሎቹ ነጋዴዎች የሊማሊሞን ዳገት ወጥተው በአስር ሶላት ቤታቸው ሲገቡ፣ አንተ የምትደርሰው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ መግሪብ ላይ ነው፣ ጭቁኝ ጭቁኝ እየሸተትህ። ምነው ዘገየህ ስልህ መልስህ አንድ ነው፤ ባላምባራስ ሰነፈ። ያ ዳገት ላይ የጭነት መኪና የሚቀድም አህያ! ስለ ዘይነባ ያጫወትኋቸው እትዬ ብርቄ ደግሞ ነገር አያልቅባቸውም። የሊማሊሞ ነጋዴ እኮ ከላይ አንድ ቤት፣ ከታች አንድ ቤት አለው ይባላል አሉኝ፣ ያውም ጭቁኙን ከእጄ እየተቀበሉ። ሃይማኖታችን ይፈቅዳል፤ ጣውንት መጥታብኝ ይሆን ብዬ እጠረጥር ጀመር። ፊት ለፊት ልጠይቅህ እልና እተወዋለሁ። አዎ ብትለኝስ? እንዲህ ሆኜ ስንት ዓመት ከጭቁኙ ላይ ተኝቼ ስለ ጭቁኝ ሻጯ አስብ ነበር።

ደረትህን ታመህ በተኛህበት ሰሞን እንኳ አልለቀቀኝም። ጭቁኙን ወደ አፍንጫዬ አስጠጊልኝ አልኸኝ። አስጠጋሁልህ። ዓይንህን ጨፍነህ አሸተትኸውና ፈገግ አልህ። እኔ እያለቀስሁም ቀናሁ። ለቅሶህ ላይ ከቆላ በኩል የመጣች ሴት ስትገባ በተሸፈንሁበት ሆኜ በቀዳዳ አያት ነበር። ሻሿን ወደ ኋላ የገፋች አንዲት እንኳ አላየሁም። ባሏን ቀብራ ጣውንት የምትፈልግ ሴት ዓለም ላይ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ዒዳዬን፣ የሐዘን ወራቴን፣ እንደጨረስሁ ወንድሜ እንድሪስ ከዳባት መጣ። አህያውን እንሽጥ፣ ቤቱን እናከራይ፣ አንቺና ልጅሽ እኔ ዘንድ ኑ አለ። ደግ ሰው ነው፣ ታውቀዋለህ፤ ብቻ ሲመክር የቀበሌ ስብሰባ ነው፣ ለሰሚው የሚቀረው ማጨብጨብ ነው። ባል የሌላት ሴት ሊማሊሞን ወርዳ አትነግድም አለ። እኔም ጓዳ ያለው ነጭ ሽንኩርት ሊበቅልብኝ ነው፣ እሱን አዲ አርቃይ ሸጬ ልምጣና እንነጋገራለን አልሁት። እውነቱን ልንገርህ፣ ሽንኩርቱ አልነበረም። ዘይነባን ማየት ፈለግሁ። ጣውንት ካለችኝ ፊት ለፊት አይቻት፣ አብረን አልቅሰን፣ ከሆነልኝም ተሰዳድበን፣ ከዚያ በኋላ ዳባት ልሂድ ብዬ ቆረጥሁ። ያንተ ነገር እንዲህ በሆዴ እንደተንጠለጠለ በዚያ ቤት መኖር አቅቶኝ ነበር። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይሉ የለ።

ጋሼ ሁሴን ይዘውኝ ወረዱ። ዓይኔን ገደሉ አዞረው። መኪና ሲመጣ ከግድግዳው ተለጥፌ አቧራውን እጠግባለሁ፣ ባላምባራስ ግን አንድም ጊዜ አልደነገጠ። ኬላው ላይ እህል የሚፈትሸው ወታደር ከሰው በፊት አህያውን አወቀ። የሰይድ አህያ አይደለም ወይ፣ ሰይድስ የት አለ አለኝ። መሞትህን ነገርሁት። የባላምባራስን አንገት ዳበስ ዳበስ አደረገ። ከዚያ ጭነቱን ሳያስፈታ እለፊ አለኝ። ሰው እንዴት እንደኖረ የሚታወቀው ከሞተ በኋላ ነው፤ ያን ዕለት ባንተ ኮራሁ፣ ዘይነባንም ለጥቂት ጊዜ ረሳኋት።

አዲ አርቃይ ደርሰን ሽንኩርቱን ሸጬ ሳበቃ ገበያውን ዞርሁት። ጭቁኝ የምትሸጥ ዘይነባን የምታውቁ እያልሁ ቅመም ተራውን፣ ጨው ተራውን ጠየቅሁ። ሳቁብኝ። በዚህ አገር ጭቁኝ ማን ይሸጣል፣ እኛስ ከደጋ የሚያመጣልን ብናገኝ መቼ ጠላን አሉ። ልቤ ወደቀ። ሻጭ ካልሆነች ታዲያ ምንድን ናት? በርበሬ ልገዛቸው የቆምሁ አንድ ሽማግሌ አዘኑልኝና፣ የሴቲቱን ሁኔታ ንገሪኝ፣ በዚህ ገበያ የማላውቀው ሰው የለም አሉ። የነገርኸኝን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ነገርኋቸው። ሽማግሌው ሚዛናቸውን አስቀምጠው ትኩር ብለው አዩኝ። ልጄ፣ አሁን በርበሬዬን በእጅሽ መዝነሽ ጎደለ ያልሽኝ አንቺ፣ እዚህ ከቆምሽ ጀምሮ ሻሽሽን ወደ ኋላ የምትገፊው አንቺ፤ የምትፈልጊያት ሴት እኮ አንቺው ነሽ አሉኝ።

ተናደድሁ። ሰውየው አርጅቷል ብዬ በርበሬውን ትቼ ሄድሁ። ስሄድ እጄን ብይዘው፣ ሻሼን እየገፋሁ ነው።

ሽቅቡን ስንመለስ ጋሼ ሁሴን ምነው ዝም አልሽ አሉኝ። ለመሆኑ እኔ ስናደድ ሻሼን ወደ ኋላ እገፋለሁ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ካወቅሁሽ ጀምሮ አሉኝ። ወሬዬንስ ሳልጨርስ እስቃለሁ? እሱንስ ተይው አሉኝ። ሰው መቼም የገዛ ጀርባውን አያይም። ያን ሁሉ ዓመት የጠላኋት ሴት እኔ ሆንሁና አረፍሁት። ግን ልቤ ገና አላረፈም ነበር። ዘይነባ ከሌለች ጭቁኙ ከየት መጣ? መዘግየቱስ?

ሊማሊሞን ልንጨርስ ጥቂት ሲቀረን ባላምባራስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ማንንም ሳያማክር መንገዱን ትቶ በግራ በኩል በምትወጣ ቀጭን ዱካ ታጠፈ። ብጎትተው እምቢ አለ። ጋሼ ሁሴን ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ እኛ እንቅደም፣ ሰይድም እዚህ ሲደርስ ብቻውን መሆን ይወድ ነበር ብለው ዓይናቸውን መለሱ። ገባኝ። እሳቸውም እንደኔ ጠርጥረውህ ነው የኖሩት። ለክብርህ ሲሉ አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላሉም።

ባላምባራስን ተከትዬ ወጣሁ። ከላይ ከቋጥኙ ጀርባ የሆነ ነገር ኮሽ አለ። ይኸውልሽ ቤቷ አልሁ በልቤ። ሻሼን አስተካክዬ፣ ደፈር ብዬ፣ ማነሽ አልሁ። ዞር ያለው አንድ ትልቅ ጭላዳ ዝንጀሮ ነው። ደረቱ ቀይ፣ ጎፈሬው እንደ ሹም ካባ ትከሻው ላይ ወርዷል። ሣሩን እያኘከ ከላይ እስከ ታች አየኝና ንቆ ፊቱን አዞረ። እንዲህ አድርጎ የተቀበለኝ ሰው እስከዛሬ የለም።

ከእሱ ጀርባ ጭቁኙ ነበር። አፈር የሚባል የለም፤ ከድንጋዩ ስንጥቅ እየወጣ፣ ከገደሉ ጫፍ እየተንጠለጠለ፣ ነጭ አመድ የተነሰነሰ መስሎ ቋጥኙን ሞልቶታል። ፀሐይ ሲመታው ሽታው ሁለመናዬን ያዘኝ፤ ያንተ ሸማ ሽታ፣ የመኝታችን ሽታ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። አንዱንም ከሥሩ አልነቀልኸውም። ከእንጨቱ በላይ አጭደህ ታችኛውን ትተህለታል፤ የታጨደው ሁሉ መልሶ አቆጥቁጧል፣ ጠባሳው በየግንዱ አለ። አንድ ክረምት ሳትመጣ ስለቀረህ እንደልቡ ፈንድቶ፣ ጥቃቅን ቢጫ አበባውን እንደ ቁልፍ ደርድሯል።

ከቤት የጠፋብኝን ማጭድም አገኘሁት። ከድንጋዩ ሥር፣ በአሮጌ ሻሼ ተጠቅልሎ። እኔ እኮ ያን ማጭድ ወስደዋል ብዬ ከእትዬ ብርቄ ጋር ተኮራርፌ ነበር። ስለ ሻሹም ከሌላ ሰው ጋር።

ከባላምባራስ ጎን ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁና ነገሩን አሰብሁት። ለካ ያን ጊዜ አቧራ ስልህ ልብህን ነክቼዋለሁ። ባዶ እጅህን ላለመግባት ከቤታችን ብዙም ከማይርቀው ቋጥኝ ጭቁኝ አጭደህ፣ ገዛሁልሽ አልህ። እኔ ደስታዬን ሰፈር ሙሉ ስዘራው መመለሻ አጣህ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ ያንተ ግን በየጉዞው ከበደ፣ ሴት ሆነ፣ ስምም አወጣ። ሴት ፍጠር ብትባል ከኔ በቀር ሌላ ማሰብ አልቻልህም፤ የኔን አመል አንድ በአንድ አንስተህ ለዘይነባ ሰጠሃት፣ እያየኸኝም ፈገግ አልህ። እኔ ደግሞ ያን ፈገግታ በራሴ ላይ ቀናሁበት።

ሳቅሁ። ጭላዳው ደንግጦ ወደ ገደሉ ወረደ። ከዚያ አለቀስሁ፣ ደግሞ መልሼ ሳቅሁ። አንተ ሰው፣ ለአንድ እቅፍ ጭቁኝ ብለህ ከዚያ ገደል ጫፍ ትንጠለጠል ነበር? ብትወድቅስ? ከአዲ አርቃይ ሻሽ መግዛት አይቀልህም ነበር? ይህን ጮክ ብዬ ጠየቅሁህ። ባላምባራስ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ሰማኝ።

ከዚያ ማጭዱን አነሳሁና እንዳንተው ከእንጨቱ በላይ አጨድሁ። እጄ ለሰዓታት መረረ። ስጨርስ ማጭዱን በሻሹ ጠቅልዬ ከነበረበት መለስሁት።

እንድሪስን አህያው አይሸጥም፣ እኔም ዳባት አልሄድም አልሁት። ለምን ሲለኝ ነጭ ሽንኩርት አትራፊ ነው አልሁ። ተቆጣ፣ መከረ፣ እኔ አጨበጨብሁ፣ ሄደ። አሁን ከጋሼ ሁሴን ጋር እየወረድሁ እነግዳለሁ፣ ሊማሊሞንም ለምጄዋለሁ። ቤቱ ቤታችን ነው፤ ያ ሁሉ ጥርጣሬ ወጥቶለት ሰፋ አለኝ። ባንተ ላይ የነበረኝ ቅሬታ አልቋል፣ ያንተም በኔ ላይ ካለ ይለቅ።

ሴቶቹ ጭቁኙን አልረሱትም። የአዲ አርቃዩን አምጪልን ይሉኛል፤ አመጣላቸዋለሁ። ባለፈው እትዬ ብርቄ ዘለላቸውን አሸተቱና፣ ያቺ ዘይነባ ደህና ናት ወይ አሉኝ፣ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው። ደህና ናት፣ ሰላም ብላዎታለች፣ ባል ከሞተባት ወዲህ ግን ትንሽ ከስታለች አልኋቸው። አዘኑላት። ይገርምሃል፣ እንዴት ዓይነት ሴት ናት ብለው ሲጠይቁኝ እኔም ጆሮዬን አሸት አሸት አደረግሁ፤ በምላሴ የመጣልኝም፣ ሳል ሳይኖረው የሚስል፣ የጣሪያ ቀዳዳ ነገ እደፍናለሁ እያለ የሚያስለምን አንድ ወንድም አላት የሚል ሆነ። ምን ላድርግ፣ እኔም ከአንተ በቀር ሰው መፍጠር አልሆነልኝም።

እንግዲህ ሰይዴ፣ እጄ ደከመ፣ ዝናቡም አባራ። ከመቃብርህ ራስጌ ጭቁኝ ልተክልልህ አስቤ ነበር፣ ግን የመቃብሩ አፈር ጥቁርና ረግረግ ነው፣ ያው ሽታ አልባ ሆኖ ያሳፍረኛል። ይልቅ በየጉዞዬ ከቋጥኙ እወጣለሁ። ሥሩን አልነቅልም፣ ማጭዱን ከቦታው አላነሳም። እግሬ እስከታዘዘልኝ ድረስ እዚያ ተቀምጬ ዱዓ አደርግልሃለሁ፣ የገበያውንም ወሬ እነግርሃለሁ፣ ሳልጨርስም እስቃለሁ። እግሬ ሲደክም ቦታውን ለከዲጃ አሳያታለሁ፤ እስከዚያው ግን የእኔና የአንተ ይሁን።

አንዲት ነገር ቀረችኝ። ያን የመጀመሪያ ቀን ከቋጥኙ ወርጄ ቤት ስደርስ መግሪብ አዛን እያለ ነበር። ጋሼ ሁሴን ቀድመው ገብተዋል። ከዲጃ በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ፊቷ ገርጥቷል። ቀረብ አለችኝ፣ ሸማዬን አሸተተች፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ። እማ፣ ጋሼ ሁሴን ከገቡ እኮ ቆዩ፣ አንቺ ምነው ዘገየሽ አለችኝ።

ባላምባራስ ሰነፈ አልኋት።

ያንተው ዘሐራ